ክርያት ሐይም ላይ የማይቆመው ባቡር

ንጋት፣ ክርያት ሐይም ጣቢያ

ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ባለቤቴ አለምነሽ የሰንበት ነጠላዋን ለብሳለች፤ እኔም ለሠርግ ብቻ የማወጣውን ኮት ደርቤያለሁ። የምንሄደው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነው። የምንበር ግን አይደለንም፤ የምንቀበለው እንግዳም የለን። ከሐይፋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውን አዲሱን ፈጣን ባቡር ዛሬ የምትነዳው ኦሪት ናት፣ የእኛዋ ኦሪት። እስከ ትናንት ከወደቡ የዕቃ ባቡር ስትጎትት ነበር። ሰው ጭና ስትነዳ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። እንግዲህ ይህን የሚጽፈው የሹፌሯ አባት መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ፤ ጉራው ቢበዛም ይቅርታ አልጠይቅም።

ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አያ ፈንታ ከሁለት ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋትም ማታም ከዚያ አይጠፉም። የሰፈራችን ልጅ ወታደር ቤት ሲገባ፣ ሲያገባ፣ ራቅ ያለ መንገድ ሲሄድ፣ እሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። ለአለምነሽ የእሳቸው ምርቃት የሌለበት ጅምር ጅምር አይደለም።

«አያ ፈንታ፣ ኦሪትን ይመርቁልኝ። ዛሬ አዲሱን ባቡር የምትነዳው እሷ ናት» አለቻቸው ጎንበስ ብላ።

«ከሰዓት ስትመለስ በዚህ ነው የምታልፍ?»

«በዚህ ነው።»

«ትቆማለች?»

አለምነሽ ወደ እኔ አየች። «ፈጣኑ ባቡር እዚህ አይቆምም አያ ፈንታ። ሲመለስ ሐይፋን አልፎ ወደ ሰሜን ይቀጥላል፤ ክርያት ሐይምን ግን ዘሎ ነው የሚሄድ» አልኳቸው።

«በእኛ አገር ሽማግሌ የተቀመጠበትን የሚያልፍ ከበቅሎው ወርዶ፣ እንደምን ዋላችሁ ብሎ ነው የሚያልፍ። ይኸ ባቡር ልጓም የለውም?»

«ልጓሙ እሷ እጅ አይደለም…» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሰላም ሳትለኝ የምታልፈውን ምን ብዬ ልመርቅ? እንኳን ልነሣላት፣ ዞሬም አላያት።»

ስለ ሰዓት ሰሌዳና ስለ ሐዲድ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ዓይናቸውን ከከዘራቸው አላነሡም። አለምነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አውቃታለሁ፤ ልቧ ተሰብሮ ነው።

ማለዳ፣ ወደ ሐይፋ

እኛን የሚያነሣን በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ነው። ግራና ቀኙ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው። ከነዚያ አንዱ ሥር ጉልበቴን ጨርሻለሁ፤ ሳልፍ ሁልጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ፉርጎው ለሥራ በሚሄድ ሰው ጢም ብሏል። ሀዳር በሚባለው የሐይፋ ሰፈር ልብስ ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ማሚት አጠገባችን ተቀምጣለች።

መሀል መንገድ ላይ ባቡሩ ቆመ። በጎናችን ፈጣኑ ባቡር ሽው ብሎ አለፈ።

«አየህ? ሻንጣ የያዘው እስኪያልፍ ሠራተኛው ይጠብቃል። ይኸ ነገር ከመጣ ወዲህ ስንት ቀን አረፈድሁ፤ አለቃዬ አኩርፋኛለች» አለች ማሚት።

«ከዛሬ ጀምሮ ኦሪትም ትነዳዋለች» አለቻት አለምነሽ፣ ቀስ ብላ።

ማሚት ዘወር ብላ አየቻት። «የእኛ ኦሪት?» አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። «ቤሰደር፣ ይሁን። እንግዲያ እጠብቃለሁ።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር ጣቢያችን በዚሁ የአዲስ ባቡር ሥራ ሰበብ ጥላና ሊፍት ማግኘቱን፣ እናቷም ደረጃውን ከመፍራት መገላገላቸውን ነገረችን። ማርፈዷ ግን አሁንም ያበሳጫታል፤ እኔም እውነቷን ነው አልኩ።

ረፋድ፣ ሖፍ ሀካርሜል ጣቢያ

በስተ ደቡብ ካለው ከዚህ የሐይፋ ጣቢያ ነው የኦሪት ባቡር የሚነሣው። ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስራ፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሹፌሩ ክፍል በር ላይ ቆማለች። ላቅፋት ፈልጌ ነበር፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይታቀፍም ብዬ ኮቴን አስተካከልኩ። እሷ ግን የእናቷን ፊት አይታ ወረደች።

«ኢማ፣ ምን ሆንሽ?»

አለምነሽ የጠዋቱን ነገረቻት።

«አያ ፈንታ አልመርቅም አለ?»

«አሉ በይ፣ አንቺ ልጅ።»

«ቤሰደር፣ አሉ። እኔ እኮ እዚያ ማቆም አልችልም ኢማ። ራምዞሩ፣ መብራቱ፣ አረንጓዴ ከሆነ መሄድ ነው። ጡሩምባም ያለ ምክንያት መንፋት አሱር ነው፣ ክልክል፤ ሰፈሩ መሀል ነን።» ሰዓቷን አየት አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባ፣ በቅሎ ላይ ያለው ሰው መውረድ ካልቻለስ? ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እኔ በእግሬ ነው የመጣሁ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሐሳብ ነበረበት።

ባቡሩ ተነሣ። በስተቀኝ ባሕር፣ በስተግራ የሙዝ እርሻ። ወታደሮች ቦርሳቸውን ተንተርሰው ያንቀላፋሉ። የባቡሩ አነሣስ ለስላሳ ነው፤ እጄ ላይ የያዝኩት ቡና ጠብ አላለም። ለዚህ ደግሞ ሐዲዱን ሳይሆን ልጄን አመሰገንኩ። አለምነሽ ፊት ለፊታችን ለተቀመጠችው፣ ትልቅ ሻንጣ ለያዘችው ሴት በዕብራይስጥ «የምትነዳው ልጄ ናት» አለቻት። ሴትዮዋ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት። አለምነሽ ከቴል አቪቭ የተሳፈሩትንም አልማረቻቸውም።

ቀትር፣ አውሮፕላን ማረፊያ

ሽማግሌዎቻችን ይህን ቦታ ዛሬም በድሮ ስሙ ሎድ ነው የሚሉት። ጥበቃው ፓስፖርት ጠየቀን።

«ወዴት ነው የምትበሩት?»

«የትም።»

«ሰው ልትቀበሉ ነው?»

«አይደለም። ባቡሩን ልጃችን ናት የነዳችው፤ በሱ ተመልሰን እንሄዳለን።»

ጥበቃው ከላይ እስከ ታች ተመለከተን። ነጠላውን፣ ኮቱን፣ ባዶ እጃችንን። ከዚያ ፈገግ ብሎ አሳለፈን።

ከምድር በታች ካለው ጣቢያ ወደ ላይ ወጥተን ከመድረሻው በር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዋጋው የእኛ ጣቢያ ላይ ካለው እጥፍ የሆነ፣ በአይብ የተሞላ ቡሬካስ ለሁለት በላን። ከረጅሙ የእግር ጉዞ በኋላ እዚሁ ነው ከአውሮፕላን የወረድነው፣ ያኔ፣ ከአገራችን ስንመጣ፣ ወጣት ሳለን። አውቶቡስ ላይ ጫኑን፤ ወዴት እንደሚወስዱን የነገረን የለም፣ ቢነግሩንም ቋንቋውን አናውቅም። አለምነሽ ሌሊቱን ሙሉ የሹፌሩን ጀርባ ስታይ አደረች። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ሆና «ሹፌራችን የት ሄደች?» ስትለኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ኩራት በሕይወቴ አላውቅም።

ከሰዓት፣ መልስ

በሕጉ ሐይፋ ላይ ወርደን፣ በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር መያዝ ነበረብን። ሐይፋ ደረስን። ተነሣሁ። አለምነሽ አልተነሣችም።

«አልወርድም።»

«ክርያት ሐይም እኮ አይቆምም!»

«የሚቆምበት ድረስ እሄዳለሁ። አያ ፈንታ ዞረው ባያዩአት እንኳ እኔ እዚያ ስታልፍ አብሬያት ልሁን።»

ተቀመጥኩ። ወደቡ አለፈ፣ ጭስ ማውጫው አለፈ። ከዚያ የራሳችን ሰፈር መጣ፤ የራሳችን ሕንጻ፣ በረንዳው ላይ የሰቀልነው ልብስ ሳይቀር። በገዛ ቤት አጠገብ ሳይወርዱ ማለፍ እንግዳ ነገር ነው። አለምነሽ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋለች።

ጣቢያው ሽው አለ። አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሦስቱም ሽማግሌዎች ቆመዋል። አያ ፈንታ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሁለት እጃቸውን ወደ ባቡሩ ዘርግተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጠፉ።

«አየህ?» አለችኝ።

«አየሁ።»

በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ክርያት ሞጽኪን ወርደን፣ በተቃራኒው ባቡር ወደ ሰፈራችን ተመለስን። አያ ፈንታ አሁንም አልተቀመጡም ነበር።

«አያ ፈንታ፣ አልነሣም ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«እሷ ቀድማኝ ስትነሣ ምን ላድርግ?»

አልገባኝም። እኛ ከኋላ ፉርጎ ስለነበርን አላየንም።

«መስታወቱ ውስጥ ብድግ አለች። እጇ ከመንጃው ሳይለይ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ቆማ ነው በፊታችን ያለፈች» አሉኝ።

አለምነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። አያ ፈንታ እስክትረጋጋ ጠበቋትና፣ ገና እንደቆሙ፣ «ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምታልፍ?» ብለው ጠየቋት።