ከበሮ ያልሰማው ግድግዳ

የብርጓል ቢተውን ሥራሽ ምንድን ነው ብትሏት «የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ» ብላ ትገላገላችኋለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ምድር ቤት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የኮምፒውተር መስኮት ላይ ታፈጣለች። በመስኮቱ ላይ ስምንት መስመሮች በስምንት ቀለም ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሽቦ ቮልቴጅ ነው። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ ስትሳብ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ስትጨመቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዷን ለውጥ እየለቀመ ያስቀምጣል። ብዙውን ጊዜ ሽቦዎቹ የሚታሰሩት እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ፣ በማሽን ተጨምቆ እስኪሰነጠቅ በሚፈተን ኮንክሪት ላይ ነው።

ሥራዋን አክብራ ነው የምትይዘው። ፕሮግራሙን ስትከፍት መጀመሪያ ስምንቱንም ዜሮ ላይ ታስተካክላለች፣ ቀጥላ ለእያንዳንዱ ስም ትሰጣለች። «ቻናል አንድ፣ ቻናል ሁለት» ብሎ መተው ለእሷ ልጅን ሳያስጠምቁ እንደማሳደግ ነው። ተማሪዎቹ «የብርጓል ዛሬም ሽቦ እያስጠመቀች ነው» ይሏታል። ይሳቁ። እሷ እቴ፣ ደንታም የላት።

ዘንድሮ ግን ሽቦዎቹ ከላብራቶሪው ወጥተው እሷ የተጠመቀችበት ደብር ድረስ ሄዱ። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ያረጀ፣ በድንጋይና በጭቃ የቆመ ነው። የክረምቱ ዝናብ ጠንቶበት ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። የሕንፃው ኃላፊ የገዛ አባቷ ቄሰ ገበዝ ቢተው ናቸው፤ ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ እንደሚዞሩ ስትሰማ አላስቻላትም። አለቃዋን አቶ ደምለውን ለምና፣ ስምንቷን ዘንግ በስምንት ስንጥቅ ላይ አስተከለች። መዝጋቢው ሳጥን ሲም ካርድ አለው፤ የሚለካውን ወደ ላብራቶሪው ይልካል። ነገሩ እስኪለይለት ሕዝብ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ የኅዳር ሚካኤልም በግቢው ዳስ ተጥሎ እንዲከበር ተስማሙ።

ልትመለስ ስትል አባቷን አደራ አለች። «አባባ፣ እነዚህን ዘንጎች ምንም እንዳይነካብኝ። አይጥም፣ ልጅም፣ ንፋስም እንዳያገኛቸው።»

«እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ» አሏት።

ግድግዳ ይተነፍሳል። ይህን እሷም ያወቀችው ከመስመሮቹ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ያብጣል፣ ሌሊት የጮቄ ተራራ ብርድ ሲወርድበት ይኮማተራል፤ መስመሩም እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ሰባቱ እንዲያ ነበሩ። «ደቡብ በር» ብላ የሰየመችው አምስተኛው ግን ሲወጣ ብዙ፣ ሲመለስ ጥቂት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ሽቅብ ይሄዳል፤ ስንጥቁ እየሰፋ ነው። የደቡቡ በር ሴቶች የሚቆሙበት ነው፤ እናቷም በሕይወት ሳለች የምትቆመው እዚያ ነበር። የብርጓል እህል አልበላ አላት።

በዓሉ ሲቃረብ አምስተኛው መስመር ቆመ። አልወጣም፣ አልወረደም፤ ቀጥ አለ። አቶ ደምለው ከኋላዋ ቆመው አዩና «ተመስገን! አረፈ እኮ!» አሉ። የብርጓልም በደስታ እንባዋ መጣ። ለምን ቆመ ብላ መጠየቅ ነበረባት። ግን ልቡ የሚመኘውን ወሬ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ማን አለ? ዓይኗ አምስተኛው ላይ ስለተተከለ፣ ጎረቤቶቹ አራተኛውና ስድስተኛው ቀስ ብለው ሽቅብ መጀመራቸውን አላየችም። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«አባባ፣ ግድግዳው አርፏል። ውስጥ ማክበር ትችላላችሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ ነው» አሉና ሳቁ። በማግስቱ ዳሱ ፈረሰ።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ፣ ወደ ሉማሜ ከመሳፈሯ በፊት ላብራቶሪው ጎራ አለች። ያን ቀጥ ያለ መስመር በወረቀት አትማ ለአባቷ ልትወስድላቸው አስባለች። ፕሮግራሙን ስትከፍት ሳቋ መጣ፤ መስመሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ተንቀጥቅጠው አድረዋል። ማኅሌቱ ነው! ከበሮው ሲመታ፣ እግር መሬቱን ሲረግጥ፣ ግድግዳው አብሮ አሸብሽቧል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያለች በጣቷ ስትከተል አምስተኛው ላይ ደረሰች።

አምስተኛው ቀጥ ብሎ አድሯል። ያ ሁሉ ከበሮ ሲመታ ንቅንቅ አላለም።

ጣቷ መስኮቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከበሮው የሚመታው እኮ ከዚያ በር አጠገብ ነው። ያላረፈ ግድግዳ አርፏል ብላ፣ ሕዝቡን በገዛ አፏ ከሥሩ አስገብታዋለች። አንድ ነገር ዘንጊቱን ይዟታል፤ ግድግዳው ይሸሻል፣ ዘንጊቱ ግን አታየውም። ያኔ አራተኛውንና ስድስተኛውን አየች፤ ሁለቱም ሽቅብ እየወጡ ነው። የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ቅዳሴ የሚገባ ቄስ ስልክ ምን ሊያደርግለት! አቶ ደምለውን በስልክ ቀስቅሳ፣ ላብራቶሪው መጥተው ከመስኮቱ እንዳይለዩ ነግራ ሮጠች።

ሚኒባሱ ነጠላ በለበሱ በዓል አክባሪዎች ሞልቶ እልል እየተባለ ነበር። «ምነው እህቴ፣ ስለት ረስተሽ ነው እንዴ?» አላት አጠገቧ የተቀመጠው፣ አንዴ ስልኳን አንዴ መንገዱን ስታይ አይቶ። እሷ የአባቷን ቁጥር ደግማ ደወለች፤ አሁንም ዝግ ነው።

ስትደርስ ታቦቱ ዑደት አድርጎ ገብቷል፣ ቅዳሴው ተጀምሯል። ጫማዋን ጥላ በሴቶቹ መካከል እየተጋፋች ወደ ደቡቡ ግድግዳ ዘለቀች። ግድግዳው አምሮበታል! በጭድ የተቦካ የጭቃ ምርጊት ተለስኖ፣ ላዩ በኖራ ነጥቷል። ለንግሥ ቤተ ክርስቲያንን ማሳመር የወግ ነው፤ የዘንድሮው ግን ከወግም አልፏል። ዘንጊቱ የለችም፤ ሽቦዋ ብቻ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ብሏል። በር ዳር ያለችው እሷ ብቻ ናትና፣ ዙሪያዋ በጣት እየተጠቀጠቀ፣ ቀዳዳ እንዳይቀር ተደርጎ ተመርጓል። የአባቷን እጅ አወቀችው። ንፋስም እንዳያገኛቸው ያለችው ራሷ ናት።

ልስኑም ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። በጥፍሯ ጭቃውን ፈለፈለች፤ ዘንጊቱ ተፈናጥራ ወጣች። ወደ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ሮጠች፤ በማኅሌቱ የደከሙ፣ መቋሚያቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ናቸው።

«የኔታ፣ ሕዝቡን ያስወጡልኝ። ግድግዳው እየሄደ ነው።»

«አርፏል ያልሽን አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ተሳስቻለሁ። ይምጡ፣ ጣትዎን እዚህ ያስገቡት።»

አስገቡት። እስከ መዳፋቸው ገባ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን አንሥተው ሕዝቡን ወደ ግቢው፣ ወደ ወይራዎቹ ሥር መንዳት ጀመሩ። የሚያጉረመርም ነበረ፣ የሚያለቅስም ነበረ፤ ግን ወጡ።

«አባባስ?» አለች የብርጓል በሩ ላይ።

«ቀዳሾቹ ልዑካን መቅደስ ከገቡ ቅዳሴው ሳይፈጸም አይወጡም። የቄስ ልጅ ነሽ፤ ይህን እኔ ልንገርሽ?»

ታውቃለች። አባቷ ሥጋ ወደሙን ትተው በሕይወት ለመውጣት የሚስማሙ ሰው አይደሉም። ወይራው ሥር ያለው ሕዝብ ደንግጦ ዝም ብሏል። ከውስጥ የዲያቆኑ ድምፅ መጣ፤ ሕዝቡ የሚመልስበት ቦታ ላይ ደረሰ። የሚመልስ ጠፋ። እንደገና አለ። እንደገና ዝም። ሕዝቡን ያስወጣችው እሷ ናት፤ ተቀባይ የሌለው ቅዳሴ ደግሞ የለም።

መሪጌታው «ኧረ አንቺ ልጅ!» ሲሉ እየሰማች ገባች። እናቷ ትቆምበት የነበረው ቦታ፣ ከስንጥቁ አጠገብ ቆመች።

«እግዚኦ ተሣሃለነ» አለች። ብቸኛ ድምፅዋ ክቡን ቤት ዞሮ ተመለሰላት።

ከመጋረጃው ጀርባ የአባቷ ድምፅ አንዴ ተሰናከለ። አውቀዋታል። የግድግዳውን ነገር የነገራቸው የለም፤ ያወቁት ልጃቸው ለበዓሉ መድረሷን ብቻ ነው። ዜማቸውን ሲቀጥሉ ድምፃቸው ከደስታ የተነሣ ከፍ ብሎ ነበር።

እጇ ውስጥ ስልኳ ይነዝራል። አቶ ደምለው ናቸው፤ አምስተኛው መስመር መናገር ጀምሯል ማለት ነው። አላነሳችውም። ትከሻዋ ላይ የኖራ ብናኝ ወረደ፣ ቀጥሎም ጠጠር። ነጠላዋን አጣፋችና የሚቀጥለውን ተቀበለች።