እጀታ የሌላቸው በሮች

ጎረቤቴ አናጢ ነው። ሰፈሩ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «ቦታ አለ» ነው የሚለው። ቤቴ ጠበበኝ፣ ዕቃዬን የማስቀምጥበት አጣሁ ብሎ የጠራው ሰው ቤት ሲገባ፣ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና «ቦታ አለ!» ይላል፤ ልክ በር ላይ እንደተንጠለጠለ የታክሲ ረዳት። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ እሱ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ከበሩ ጉበን እስከ ኮርኒሱ ያለችውን ባዶ ለሻንጣ ያደርጋታል። ደረጃ ካገኘ ደረጃውን መሳቢያ ያደርገዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ ስር ጉልበቴ የማይደርስበትን ጥግ ለክቶ የክር መደርደሪያ ሠርቶልኛል።

የራሱ ቤት ግን ጉድ ነበር። ሁለት ክፍል ናት፤ ሁለቱ ተደምረው ከኔ መስፊያ ቤት እምብዛም አይበልጡም። ገብተህ ስታይ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው። ሰዎቹ ምን ለብሰው፣ በምን በልተው ነው የሚኖሩት ያሰኛል። ለካ ግድግዳው ሁሉ ቁምሳጥን ነው። እጀታ የሚባል ነገር የለውም። «እጀታ አራት ጣት ቦታ ይበላል፤ የሴት ቀሚስም ይቀድዳል» ይላል። ጫን ሲሉት ማግኔቱ ይለቅና በሩ ይከፈታል። ሃያ ሦስት በሮች ነበሩ፤ መጋጠሚያቸውን በቀለም ስላጠፋው አንዱም በር አይመስልም።

ሃያ ሦስቱን አሳምራ የምታውቃቸው ሚስቱ ነበረች። የምታውቃቸውም በዓይኗ አይደለም፣ በሰውነቷ ነው። በሁለት እጇ ሳህን ይዛ ስታልፍ ግድግዳውን በክርኗ ገፋ ታደርጋለች፤ የብርጭቆው መደርደሪያ ይከፈታል። በዳሌዋ ትገፋለች፤ ፎጣ ይወጣል። እንግዳ ሲኖር ደግሞ ሆን ብላ ታበዛዋለች። እንግዳው አፉን ከፍቶ ሲቀር እሱ ጥግ ይዞ እንደ ሙሽራ ያፍራል። «አንተ ሰውዬ፣ አንተ ሠራኸው፣ እኔ ጨፈርኩበት!» ትለዋለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንት ባለትልቅ ቤት አይቻለሁ፤ በቤቷ እንደሷ የኮራች ሴት አላየሁም።

ከዚያ ዕቃ ማጣት ጀመረች። መጀመሪያ ስኳሩን፣ ቀጥሎ ማበጠሪያዋን፣ ቀጥሎ የሌሊት ልብሷን። «ዕቃው ከእጄ እየጠፋብኝ ነው» አለችው።

እሱ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃ ጠፋብኝ ሲለው የሚያውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው፦ የቦታ ጥበት። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ኮምፔንሳቶ ጣውላውን ተሸክሞ መጣ። ሦስት ሳምንት መጋዝ ሲጮህብኝ ከረመ። አሮጌዎቹን በሮች ነቃቅሎ ሌላ ሠራ፤ ብርጭቆውን ወደ ምድጃው አስጠጋ፣ ፎጣውን ወደ መታጠቢያው ወሰደ፣ ልብሷን ብዙ እንዳትንጠራራ ከወገብ በታች አወረደው። ሁሉንም ያደረገው እንዲቀልላት ብሎ ነው። እኔም ባል ማለት እንዲህ ነው ብዬ ቀናሁ።

ሥራው ያለቀ ቀን እንዳይለት ጠራኝ። እሷ ሳህን ይዛ መጣችና እንደ ልማዷ ግድግዳውን በክርኗ ገፋችው። ግድግዳው አልተከፈተም። ደግማ ገፋች። ሦስተኛ ጊዜ ገፋችና ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ክርኗን አገላብጣ አየችው፣ ጥፋቱ የክርኗ እንደሆነ ሁሉ። እኔ ሳቅሁ። «ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ» አልኳት። ያቺን ሳቄን መልሼ ብውጣት ደስ ባለኝ።

አልለመደችውም። ሌባ ይገባል ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ሌባዋ እኔ ሆንኩ። የአጥሩ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «አንሶላዬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ!» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ቤቷ ስገባ ስወጣ ኖሬ! ምላሴ እንደ መቀሴ ነው ይሉኛል፤ የዚያን ቀን የተናገርኩትን አልደግመውም። ሁለት ሳምንት ዘጋኋት። ጎረቤቴ አልከፋችም፣ ታመመች እንጂ ብዬ ለማሰብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ከተማ የምትሠራው አንዲት ልጃቸው መጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። በማግስቱ እሱ መጥቶ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ምን አላችሁ?» አልኩት።

«ጭንቅላቷ እየረሳ ነው፤ መድኃኒት አያድነውም አለ።» ከመደርደሪያዬ አንድ ክር አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «እጅ ግን ቶሎ አይረሳም አለኝ። ጭንቅላት የጣለውን እጅ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ቤቷን እንዳለ ተዉላት፣ ዕቃ ከለመደችበት ቦታ እንዳታነሱባት አለ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሁሉንም እኮ አነሳሁባት። ሃያ ሦስቱንም። እኔው በእጄ።»

መኪናዬን እንኳ መርገጥ አቃተኝ።

ቤቱን እንደነበረ ለመመለስ ሞከረ። ብርጭቆው ወደ ቦታው፣ ፎጣው ወደ ቦታው ተመለሰ። ክርኗ ግን ከዚያ ወዲህ ምንም አልገፋም። አንድ ጠዋት ስገባ፣ እጇ ውሃ እየተንጠባጠበ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ፎጣው አፍንጫዋ ስር ነው፤ ግድግዳው እንጂ ፎጣው አይታያትም። ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ሳምንት አልፏታል።

ልጅቷ ልትጠይቃቸው መጥታ ይህን አይታ ቆረጠች። «አባዬ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ ልብሷን እንኳ አታገኝም። አንተም ደክመሃል።»

«ራሷ ልብሷን አግኝታ ከለበሰችስ?» አላት። «ውሃ ቀድታ ከጠጣችስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

ሰውዬው ከእንጨት ሌላ የሚያውቀው የለም። ካቻቢቴውን አነሳና በሮቹን ይነቅላቸው ጀመር። ሙሉ ዕድሜውን ዕቃ ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ ያን ሁሉ ዕቃ ለሚስቱ ዓይን ሊገልጥ ተነሳ። በቀን ሁለት፣ በቀን ሦስት እያለ፣ ቤቱ ተራቆተ። ድስቱ፣ ጃንጥላው፣ የልጅቷ የአንደኛ ክፍል ደብተር፣ የሱ የሠርጉ ጫማ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ወጣ። አንሶላውም ተገኘ፤ ከሻንጣዎቹ ጀርባ። «ሌባዋ ነጻ ወጣሽ» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ሳቄ ወደ እንባ ዞረብኝ።

እሑድ ጠዋት ልጅቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። እናቷ እኔ ቤት ነበረች፤ ከስታ ስለነበር ሰማያዊ ቀሚሷን ቀደም ብዬ አጥብቤላት እነሱ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። እጇን ይዤ ወደ ቤቷ አስገባኋት። አንድ በር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከመኝታ ቤቱ ጉበን በላይ ያለው፤ እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ብሎኑን እየፈታ ነበር።

በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን አዞረች። «ውይ! ዕቃዬ!» አለች። ድስቱን ነካች፣ ፎጣውን አሸተተች። ሰማያዊውን ቀሚስ ራሷ አንስታ ወደ ውስጥ ገባችና አንድ ቁልፍ ሳታዛንፍ ለብሳው ወጣች። ከዚያ ብርጭቆ አወረደች፣ ውሃ ቀዳች፣ ለልጇ ሰጠቻት። «ጠጪ፣ ከመንገድ ነው የመጣሽው» አለቻት።

ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እሱን ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱ በርቷል። ሥራው የሠመረለት ሰው ፊት ነው። የመጨረሻውን በር አንስቶ ወደ ታች ሊያወርደው ሲል፣ እሷ መሰላሉ ስር ሄዳ የሱሪውን ጫፍ ሳብ አደረገችው።

«አባቴ፣ እባክዎ እሱን ይተዉልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«በሩን ነዋ። ባለቤቴ ነው የሠራው። በገዛ እጁ ልጎ፣ ቀለም ቀብቶ። መጥቶ ፈርሶ ካየው ያዝናል። ቁጣ አያውቅም፣ ዝም ነው የሚለው፤ ዝምታውን ግን እኔ አልችለውም።»

በሩን እንደታቀፈ መሰላሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ልጅቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደሷ ጎንበስ ብሎ «የት ሄደው ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሥራ ነዋ። ቤቴ ጠበበኝ የሚል ሰው መቼ ጠፍቶ! ይመጣል፤ አምሽቶብኝ አያውቅም።»

«እሺ» አላት። በሩን መልሶ ከማጠፊያው ጋር አገጣጠመና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረ። እሷ እንዳይወድቅበት ከታች መሰላሉን ደገፈችለት። ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላው ወንበሯ ላይ፣ ፊቷን ወደ መግቢያው አድርጋ ተቀመጠች።

ልጅቷ ተጠጋችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ ልብሷን ለብሳለች፣ ውሃም ቀድታለች። ግን እኮ አንተን...» አልጨረሰችውም። «ይሻላል፣ ልውሰዳት።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። ወደ ሚስቱ እንጂ ወደ ልጁ አላየም።

«ባሏን እየጠበቀች እኮ ነው፣ ልጄ» አላት። «መጥቶ ቢያጣትስ?»