ኮፍያ የተሳፈረበት የልጅ ጋሪ

ማንቸስተር አየር ማረፊያ ሻንጣ ስመዝን የማላየው ጉድ የለም። ዛሬ ደግሞ አንዲት አያት ባርቤዶስ አሸዋ ላይ የልጅ ጋሪ ሊገፉ ተነስተዋል። ከንፈራቸውን ቀይ ተቀብተው፣ አበባማ ቀሚስ ለብሰው፣ የጋሪውን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ጋሪው ላይ የተንፈላሰሰው ኮፍያቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸው ሰልፉ መሃል ይሯሯጣል።

«እማዬ፣ አልፊ እኮ ትልቅ ልጅ ነው! ጋሪው ምን ያደርግልናል?» አለች ልጃቸው።

«ይደክመዋል አልኩሽ!»

ምስኪን፣ ድካሙ ከሩቅ ያስታውቃል!

ልጃቸው ፓስፖርት ስትፈልግ፣ ከሻንጣው ጋር ልልከው ጋሪውን ሳብ አደረግኩት። ሴትዮዋም አብረው መጡ፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው ጠረጴዛዬን ያዙ። ከዘራ ግን ቢሞቱ አይዙም!

እጀታውን መለስኩላቸው።

«ጋሪው እስከ አውሮፕላኑ በር ይሂድ» አልኳት ልጃቸውን፤ «ልጁ በጣም ደክሞታል።»

አልፊ ሻንጣ ላይ ይዘላል።