ባሌ ወደ አኖ የሚወስዳት ባትሪ

ነቀምት ላይ መብራት ሲጠፋ ማንም አይገረምም፤ ሰፈሩ የሚጮኸው ሲመጣ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ የተማሪ ወረቀት የማርመው ማታ ነው፣ በሻማ ዓይኔ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ባሌ ከገበያ ያቺን የእጅ ባትሪ ይዞልኝ ሲገባ ዘልዬ አቀፍኩት። ከመሃል ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ድንጋይ አይገባባትም፣ በስልክ ቻርጀር ነው የምትሞላው። «ይቺ ደግሞ ምን ልታበራ ነው?» ብዬ ሳሾፍ ግቢያችን ጫፍ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ለቀቃት። እሰይ! ቅጠሉ አንድ በአንድ ታየኝ።

እኔ ደግሞ ዕቃን በወሬ አላምንም። ሻጩ ስለ እሷ ያለውን ሁሉ ራሴ ካልሞከርኩ አይዋጥልኝም። ዝናብ እየወረደ ይዣት ሽንት ቤት ተመላለስኩ፤ ምንም አልሆነችም። ሲሚንቶ ላይ ጣልኳት፣ ባሌ «ኧረ ተይ፣ አበድሽ እንዴ!» እያለ፤ ጫፏ ትንሽ ተጫረ እንጂ በራች። ሦስት ዓይነት ብርሃን አላት፤ ትልቁ ግን ማታለያ ነው። ለመኩራሪያ ያህል ቦግ ትላለች፣ ወዲያው እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ታመጣና በራሷ ጊዜ ትቀንሳለች። ለቤት የሚሆነው መካከለኛው ነው። ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ ወደ ኮርኒሱ ሳዞራት ክፍሉ በሙሉ ወገግ ይላል፣ ወረቀቴን እስክጨርስም አትከዳኝም። አንድ ሌላ ጠባይም አላት። በየትኛውም ብርሃን ብታጠፋት፣ ስታበራት በዚያው ነው የምትጀምረው። ይኼ ጠባይዋ በጣም ተመቸኝ።

ያልገባኝ የመጨረሻዋ፣ ትንሿ ብርሃን ነበረች። ጭል ጭል ብቻ። ለማን ትሆናለች? አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ አራስ ነበረችና አንድ ሌሊት አዋስኳት። ጠዋት ስትመልስልኝ ፊቷ በርቶ ነበር። «አዴ ኮ፣ እመቤቴ፣ ይቺ ትንሿ እኮ ለእናት ብለው የሠሯት ናት። በሷ ሳጠባው ዓይኑን እንኳን አይገልጥም፤ በሌላው ሁሉ ይነቃብኛል» አለችኝ። ሳቅሁላት፣ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ልጅ የለንም። ሐኪም ቤቱንም ጠበሉንም ጸሎት ቤቱንም አዳርሰናል። ባሌ ግን አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። «ለኔ አንቺ ትበቂኛለሽ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ይቺን ቃል ይዤ ነበር የምኖረው።

እሱ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ሥራው አኖ የምትባል ከተማ። መንገዱ አያስተማምንም ብሎ ሰኞ የሄደ ዓርብ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ሲገባ «ከቢሮ እስከ ተከራየሁበት ቤት ያለው ጭቃ ሊውጠኝ ነው፣ ጅቡም አለ» አለኝና ባትሪዋን ሰጠሁት። አንጀቴ አልችል ብሎ ነዋ! እኔ ወደ ሻማዬ ተመለስኩ። ዓርብ ሲመጣ ተቀብዬው ሳበራት ጭል አለች። ቻርጅ ጨርሳ ይሆናል ብዬ ሰካኋት፤ ሙሉ ናት። ወደ መካከለኛው መለስኳት፣ ሰኞም በመካከለኛው ይዟት ሄደ። ዓርብ እንደገና ጭል።

«አንተ፣ ጅቡን በዚህች ነው የምታባርረው?» አልኩት ለጨዋታ።

«ቻርጅ ልቆጥብ ብዬ ነው» አለና ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል ቆየ።

በሚቀጥለውም ዓርብ ያው ሆነ። መሸት ሲል ትንሿን አብርቼ በጓሮ በኩል ወጣሁ። የራሴ እግር አልታይ ብሎኝ ቦይ ውስጥ ገባሁ። በዚህች ብርሃን ጭቃ የሚሻገር ሰው የለም። እዚያው ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ ጎረቤቴ «ለእናት ብለው የሠሯት ናት» ያለችኝ ትዝ አለኝ። አንቺ ቅናተኛ፣ አፈር ብዪ፣ እንዲህ ያለ ሰው ትጠረጥሪያለሽ? እያልኩ ራሴን ስሰድብ አደርኩ።

ስድቡ ግን አላሳረፈኝም። ትምህርት ቤቱ ለፈተና እርማት ሲዘጋ በሥራ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ አኖ ወረድኩ። አንዲት ባለሱቅ ስሙን ስነግራት ሳታቅማማ በጣቷ አሳየችኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሕፃን ያዘለች ወጣት ናት። ስሙን ጠርቼ «ከነቀምት ነው የመጣሁት» ከማለቴ ጮኸች።

«እህቱ! በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጡ! ግቡ፣ ግቡ!» እጄን ይዛ ሳመችኝ፣ ወንበሩን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ባትሪዬ ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ሥራ ሲሄድ ትቷት ነው የሚወጣው። ዓይኔ እዚያ እንደቀረ አይታ «አዎ፣ እሷው ናት!» አለች። «እህቴ ላከችልን ብሎ ሲሰጠኝ ስንት መረቅኋችሁ! በሷ ነው ሌሊት የማጠባው፣ ልጁ አይነቃም።»

እኔ በሻማ ዓይኔን ስጨርስ! እህቱ አደረገኝ። ሚስቱን፣ ቤቱን፣ ያን ሁሉ ዓመት።

እሷ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «አዳዳ መጣችልህ!» አለችው። አዳዳ የአባት እህት ማለት ናት። «መርቁልኝ፣ እንትፍ እንትፍ በሉልኝ፤ በአባቱ ወገን መራቂ አላገኘም» አለችኝ። ልጁ የባሌን ግንባር ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። እንደምንም «እደግ» አልኩት፤ እሱ ምን አደረገኝ? ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ።

«እህቱ አይደለሁም። ሚስቱ ነኝ» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። የባል እህት ለወንድሟ ሚስት እንዲህ ብላ ነው የምትቀልደው፤ እኔም በወንድሞቼ ሚስቶች ላይ ስቀልድ ኖሬያለሁ። «ወይ ዋርሳዬ! ቀልደኛ መሆንዎን መች ነገረኝ!» እያለች ጉልበቷን መታች። ጣቴን ዘርግቼ ቀለበቴን አሳየኋት። አሁንም ሳቀች፣ ግን የምትስቀው ብቻዋን መሆኑን እያወቀች መጣች። ሳቋ ሲያልቅ እጇን ዘርግታ ልጇን ከጭኔ ላይ አነሳች።