የመጀመሪያው ጠመንጃዬና የልጅቷ አባት

እኔ ተረጋግቼ የተቀመጥኩበት ቀን የለም። እግሬ ከጠረጴዛ ስር ይደንሳል፣ ጣቴ ስልክ ይነካካል፣ አፌን ደግሞ ተዉት። ከትምህርት ቤትም ስምንተኛ ክፍል ላይ የተለያየነው በዚሁ ነው። ቁጭ በል አለኝ፣ ቻው አልኩት። ሎስ አንጀለስ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ የተሰራ ከተማ ነው። ቀኑን ሙሉ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ የሰው ምሳ አደርሳለሁ፣ ቦታ የለም የተባለበት ጋ ፓርክ አደርጋለሁ። በዚህ ከተማ ከኔ በላይ ፓርክ የሚያደርግ ሐበሻ ካለ ይምጣ።

ያስቀመጠችኝ አንዲት ልጅ ናት። ቤታቸው ዌስት አዳምስ ነው። ሽማግሌ ልላክ ስላት፣ «መጀመሪያ አባቴን ራስህ ቅረበው። የማያውቀው ሰው ሽማግሌ ከላከበት ከበር ነው የሚመልሳቸው» አለችኝ። አባቷ ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራው ላይ ያለ የተኩስ ሬንጅ ይሄዳሉ፣ ወረቀት ላይ ይተኩሳሉ፣ ይመለሳሉ። በቃ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ሶ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በሞላበት ፌርፋክስ ላይ ምሳ ጋበዝኳቸው። እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ዝምታ ሲበዛ ያሳክከኛል።

«ጋሼ፣ ተኩስ ይወዳሉ አሉ። እኔም እኮ የተኳሽ ዘር ነኝ። አያቴ የሚሮጥ ድኩላ ዓይኑን ነበር የሚመታው።»

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ግን በዚያ እድሜው ያለ መነጽር ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባ ነበር፣ እሱም ያው ተኩስ ነው።

«አንተስ?» አሉኝ።

«እኔማ ጋሼ፣ አልስትም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያው አንድ ቅዳሜ ና። የራስህን ይዘህ ና ታዲያ፤ እኔ ጠመንጃዬን ለሰው አላውስም።»

እኔ እስከዚያ ቀን የነካሁት መሳሪያ የውሃ ሽጉጥ ብቻ ነው።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ እንደኔ ሾፌር የሆኑ ልጆች አሉ። ምክር በነጻ የሚታደለው እዚያ ነው። አንዱ፣ «ጥቁሩን ግዛ፣ ወታደር የሚይዘውን የሚመስለውን። ፎቶ ላይ ያምራል» አለኝ። ሌላው፣ «ተወው ባክህ! ወፍራም ጥይት የሚጎርሰውን ግዛ። ሲጮህ ተራራው መመለስ አለበት። አማትህ የሚያከብሩህ በድምፁ ነው» አለኝ። ሁለቱም ተኩሰው አያውቁም። እኔም ስላልተኮስኩ ሁለቱንም አመንኳቸው።

የጠመንጃ ሱቁ ውስጥ መላጣ፣ መነጽር ያደረገ ፈረንጅ ቆሟል። «ትልቁን፣ ጯሂውን» አልኩት። እሱ ግን «ምን ልትመታበት ነው?» አለኝ።

«ወረቀት።»

«ከዚህ በፊት ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።» ምን ላድርግ፣ በእንግሊዝኛ መዋሸት ገና አልቻልኩም።

ሰውዬው ትልቁን መንካቱን እንኳ አላስታውስም። «እሱ ትከሻህን ሲመታህ ከመተኮስህ በፊት መደንገጥ ትለምዳለህ፣ ከዚያ ማን ያስተውሃል? ጥይቱም ውድ ነው፣ ትንሽ ተኩሰህ ወደ ቤትህ ነው» አለኝ። አንድ ቀጭን ነገር አወረደ። ሃያ ሁለት ካሊበር ነው፣ ጥይቱ የጣቴን ጥፍር አያክልም። አንድ በተኮስክ ቁጥር በቀኝ ጎኑ ያለውን እጀታ ጎትተህ ታቀባብላለህ። «አይገፋህም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ትተኩሳለህ። ኢላማ የሚለመደው እንዲያ ነው።»

እኔ በሆዴ «ይሄ የቆቅ ጠመንጃ ነው» እላለሁ። ዋጋውን ሳየው ግን ከኪሴ ጋር የሚተዋወቀው እሱ ብቻ ነው። ኦኬ አልኩ።

«እስቲ ትከሻህ ላይ ሞክረው» አለኝ። አነሳሁና ሳላስበው ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት።

«ሌፍቲ ነህ? እጀታው በግራ የሆነም እኮ አለን» ብሎ መንታውን ከመደርደሪያው ሊያወርድ ዞረ።

«ኖ! ኖ!» አልኩ። ሱቁ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

ልጅ ሆኜ ግራኝ ነበርኩ። ግራ እጄን ወደ ትሪው ስዘረጋ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «እጅህን!» ይለኝ ነበር። እናቴ እጄን ከቀበቶዬ ጋር እያሰረች አብልታኛለች። ሁሉም ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ግራ እጅ ማለት ጫማህን አውልቀህ ወጡ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ታዲያ የልጅቷ አባት ፊት በግራ ልተኩስ? አበድኩ እንዴ! የቀኙን ገዛሁ። የግራው እዚያው፣ አጠገቡ ቆሞ እያየኝ።

ጠመንጃ ለመግዛት የሚጠየቀውን የሴፍቲ ፈተና ባንዴ አለፍኩ። (በሕይወቴ ያለፍኩት ፈተና እሱ ነው፣ ሰርተፊኬቱን ቲቪው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።) ከዚያ ሕጉ ጠመንጃውን ከመውሰድህ በፊት አስር ቀን ጠብቅ ይላል። እኔን ጠብቅ! ቤት ውስጥ መጥረጊያ ቀኝ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ፍሪጁ ላይ አነጣጥራለሁ፣ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሱቁ ጋ ደውዬ «ደረሰ?» እላለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ፣ «መጥረጊያውን ከያዝከው አይቀር ጥረግበት እንጂ» አለኝ።

ቅዳሜዋ መጣች። ጋሼ ከኔ በስተግራ ተቀመጡ። ሳጥኔን ስከፍት ሊስቁብኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጥሩ መረጥክ። እኔም የጀመርኩት በዚህ ነው» አሉ። አበጥኩ። «አውቄ ነው ጋሼ፣ ትላልቁን ንቄ ነው» አልኩ።

ተኮስኩ። ከዚያ ተኩስ አቁሙ ተባለና ሁሉም ወረቀቱን ሊያይ ሄደ። የኔ ወረቀት እንደ ሰርግ ነጠላ ንጹህ ነው። ጋሼ የራሳቸው ፊት ቆመው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«እኔ አምስት ነው የተኮስኩት» አሉ። «እዚህ ስምንት ቀዳዳ አለ።»

«ላግዝዎ ብዬ ነው ጋሼ።»

አልሳቁም። ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እግሬ ዳንሱን ጀመረ። በቃ አለቀ፣ ሽማግሌም ሰርግም እዚያ ወረቀት ላይ ቀረ አልኩ።

ጋሼ ተቀመጡና፣ «ቀኝ ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። ጨፈንኩ። «አሁን ግራውን ብቻ።» ብሞክር ሁለቱም እኩል ይጨፈናሉ። ፊቴ ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ሆነ። ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ግራኝ ነህ እንዴ?»

«ነበርኩ ጋሼ። ትቼዋለሁ።»

ያኔ ሳቁ። ዝምተኛው ሰውዬ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሲጋራ አደረግኸው እኮ! ዓይንም ይተዋል? የምታነጣጥረው በግራ ዓይንህ፣ ጠመንጃው ያለው በቀኝህ። ጥይቱ እኔ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው። አዙረው፣ ወደ ግራ ትከሻህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ፊት...»

«እዚህ ትሪ የለም፣ ልጄ። አዙረው።»

አዞርኩት። ግን እጀታው በቀኝ ነው፣ የቀኝ ጠመንጃ ነዋ። በተኮስኩ ቁጥር ግራ እጄን አሻግሬ ልጎትት ስል ጋሼ እጄን መታ አደረጉት። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ባለው የአሸዋ ከረጢት አስደገፉልኝ። «ግራህ ምላጩን አይልቀቅ። ቀኝህ ስራ ፈቶ የለ? እሱ ያጉርስ።»

ቀኜ አጎረሰ፣ ግራዬ ተኮሰ። ቀኜ አጎረሰ፣ ግራዬ ተኮሰ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ መሀል ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ፣ እግሬ ቆሟል። ወረቀቶቹን ስናይ የኔዎቹ ቀዳዳዎች የኔ ወረቀት ላይ ናቸው፣ ሁሉም በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ። የጋሼ ላይ አምስት ብቻ። በነገራችን ላይ ፓርኪንጉ ላይ ላሉት ልጆች የቀኙን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው ብያለሁ። እናንተም እንዳታጋልጡኝ።

መኪኖቻችን ጋ ስንደርስ ጋሼ ቆሙ። «አያትህ ድኩላ አዳኝ ነበር ያልከኝ?»

«ልብስ ሰፊ ነበር ጋሼ።»

«እሱ ይሻላል።» በራቸውን ከፈቱ፣ ገቡ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «የምትልካቸው ሽማግሌዎች ግን እንዳንተ የሚያወሩ ከሆነ በሬን አልከፍትም።»

ሄዱ። እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እግሬ እንደገና ጀመረ። ሦስት ሽማግሌ ያስፈልገኛል፣ ሦስቱም ዝምተኛ። ፌርፋክስ ላይ የማያወራ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?