ትልቁን ዱላ ያላነሳሁበት ቅዳሜ

ዛሬ በአቃቂ ጎልፍ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጉ ብትባሉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። አስተማሪ አልነበረኝም። እጄን ይዞ ያስተካከለኝ፣ እግርህን እንዲህ ክፈት ያለኝ ሰው የለም። እንዳየሁት ያዝኩ፣ እንደያዝኩት መታሁ፣ ሲበላሽብኝ ለምን እንደተበላሸ ራሴን ጠይቄ ራሴ መለስኩ። ፊደልም የለየሁት እንደዚያው ነው፤ ፉርጎ ላይ ከተጻፈው ጽሑፍ፣ አንዱን ከአንዱ እያስተያየሁ።

ያኔ ባቡሩ በደህና ይሠራ ነበር፤ እኔም የመስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራችን ከአቃቂ ጣቢያ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን ሐዲድ በየቀኑ በእግር እየሄዱ ማየት፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ጠጠር የሸሸበትን ቦታ መሙላት ነው። ስድስት ነበርን። የሚያዘን ካቦ በዕድሜ አባታችን የሚሆን፣ ድምፁ ከባቡሩ ጡሩንባ የማይተናነስ ሰው ነበር። ሲቆጣን ጣቢያው ድረስ ይሰማል፤ ሲያመሰግነን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ከጣቢያው ወረድ ብሎ ሐዲዱ በሚታጠፍበት በኩል፣ ፈረንጆቹ አንድ የግጦሽ መሬት አጥረው ስድስት ጉድጓድ ቆፍረውበት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመስመሩ መሐንዲስ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ ከጓደኞቹ ጋር እየመጣ ይጫወታል። እኛ ወደዚያ አጥር የምንገባው ሣር ለማጨድ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ ጨዋታውን "የፈረንጅ ገና" ይሉት ነበር። ልክ ናቸው፤ ዱላ አለ፣ ሩር የምታህል ኳስ አለች። ግን በገና ጨዋታ አሥር ሰው ተጋፍቶ፣ ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ፣ ሩሯ ሃያ እርምጃ ብትሄድ ነው። እዚህ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ማንም ሳይጋፋው፣ ኳሷን ዓይን እስኪያጣት ይልካታል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ማጭዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህን እኔ እችለዋለሁ አልኩ። እችላለሁ ካልኩ ደግሞ እችላለሁ።

ሙሴ ሁለት የተሰበሩ ዱላዎች ጥሎ ነበር። አንደኛው ትልቁ ነው፤ ጭንቅላቱ ከእንጨት የተሠራ፣ ኳስ ሩቅ ለመላክ የሚያገለግል። ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ነበርና በስልክ ሽቦ ጠምጥሜ አሠርኩት። ሁለተኛው ጭንቅላቱ ብረት ሆኖ ጀርባው ላይ አምስት ቁጥር አለበት። ዘንጉ ስለተሰበረ ወይራ ጠርቤ ገጠምኩለት። ሣር ሳጭድ ያገኘኋቸው ሦስት ኳሶችም ነበሩኝ። ከሥራ በኋላ ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ወደ ቃሊቲ በሚሄድበት ሜዳ ላይ፣ ከመስመሩ ጎን ጎን እመታለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ አየችኝ። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ቆየችና፣

"አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ "ብቻህን ሜዳ ላይ ዱላ ስትወዘውዝ አላፊ አግዳሚው ምን ይላል? ሳሪስ አቦ ጠበል ሳይወስዱህ እኔው ልውሰድህ።"

"ልምምድ ነው" አልኳት።

"ለምኑ? ማንን ልትደበድብ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ኳሷን ፍለጋ ሄድኩ።

የመስመር ሠራተኛ ርቀትን በሜትር አይናገርም። በሐዲዱ ጎን የተተከሉት የስልክ እንጨቶች ናቸው መለኪያችን። "ብሎኑ የላላው ከድልድዩ ሰባተኛው እንጨት ላይ ነው" ይባላል፤ ሰሚው ሄዶ ያገኘዋል። ስለዚህ ዱላዎቼንም በእንጨት ለካኋቸው። ትልቁ ኳሷን አራት እንጨት ያህል ይልካል። ብረቱ ሦስት። በሦስት ወር ውስጥ ይህ አልተዛነፈም። ስንት ዓመት የተጫወተ ፈረንጅ ዱላው ስንት እንደሚልክ እንደ እኔ እርግጠኛ አልነበረም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ሙሴ መስመር ሊያይ ሲመጣ ፊቱ ቆምኩ። ኮፍያዬን አወለቅኩና፣ እሁድ እሁድ ሜዳው ባዶ ስለሆነ እኛ ሠራተኞች እንድንጫወትበት እንዲፈቅድ ጠየቅኩት። ካቦው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሴ አማርኛ ይችል ነበር፤ ወንዱን ሁሉ በሴት ከመጥራቱ በቀር።

"አንቺ ጎልፍ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እኔ።"

ከዚያ የተናገረው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። "ቅዳሜ ነይ። የመጀመሪያው ጉድጓድ። በአራት ምት ካስገባሽ፣ እሁድ የእናንተ ነው። ካላስገባሽ ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ።"

እንግዲህ የስድስታችን እሁድ በእኔ እጅ ወደቀ። እስከዚያ ቀን ሲስቁብኝ የነበሩት ባልደረቦቼ የዚያን ዕለት ከሰዓት አካፋዬን ሊይዙልኝ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ካቦውም ተለወጠ። ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ክንዴን ይዞ አጥሩ ጋ ወሰደኝና ሜዳውን እየጠቆመ ማስላት ጀመረ። ጨዋታው የሚጀመርበት ቦታ ከሐዲዱ ጥግ ነው። ሜዳው ኩርባውን ተከትሎ ይሄዳል። መሐል ላይ አንድ ቦይ ያቋርጠዋል፤ ክረምት የጠገበ ዋልካ ጭቃ የሞላበት፣ ኳስ ከገባችበት የማትወጣበት።

"ቦዩ አምስተኛው እንጨት ትይዩ ነው" አለ ካቦው በጣቱ እየቆጠረ። "ጉድጓዱ ስምንተኛው ላይ። ትልቁ ዱላህ አራት ይልካል፤ ከቦዩ አንድ እንጨት ቀርተህ ትቆማለህ። ቀጥሎ ብረቱ ሦስት፤ ሰባተኛው ላይ ነህ። የቀረውን አንድ እንጨት በሦስተኛው ምት ታስጠጋለህ፣ በአራተኛው ትከታለህ። አለቀ።"

"ብረቱን ባስቀድምስ ጋሼ?"

"ሦስት እና ሦስት ስድስት። ሁለት እንጨት ሙሉ ይቀርሃል! ከዚያ በሁለት ምት ልትከት? ትልቁን ነው የምታነሳው፤ ሌላ ወሬ የለም።"

እኔም የቆጠርኩት እንደ እሱ ነበር። ትልቁን ለማንሳት ወስኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሙሴና ጓደኞቹ ወንበር ይዘው መጡ። ባልደረቦቼ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ከጣቢያውም ሥራ የፈታው ሁሉ ወርዷል። ሙሴ በቆዳ ቦርሳ የነበሩትን ዱላዎቹን አሳየኝና የፈለግሽውን ውሰጂ አለኝ። በራሴ ነው የምመታው አልኩ። ሁለቱን ዱላዎቼን ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አጋደምኳቸው። አንዱ ፈረንጅ የሽቦውን ጥምጥም አይቶ ለሌላው የሆነ ነገር ሹክ አለው። ይስቅ አልኩ በልቤ፤ ቆይቶ ያየዋል።

ትልቁን ልይዝ ጎንበስ ስል የመንገደኛ ባቡሯ የሊቶሪናዋ ጡሩንባ ተሰማ። የመስመር ሠራተኛ ባቡር ሲያልፍ እጁ ላይ ያለውን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ፣ ጎማዎቹን ማየት አለበት። የጋለ ጎማ ካለ፣ የሚጎተት ብረት ካለ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነውና። ባልደረቦቼም አጥሩ ላይ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ደግሞ የራሴ ልማድ አለኝ፤ ባቡር ሲያልፍ ከእንጨት እስከ እንጨት እቆጥራለሁ። ፍጥነቱን የማውቀው በዚያ ነው። ይህንንም ማንም አላስተማረኝም።

ሊቶሪናዋ ከቀጥታው መጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንጨት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንጨት። ኩርባው ላይ ስትደርስ እንደ ወትሮዋ ፍሬን ያዘች፣ ቀስ አለች። ቆጠራዬ መርዘም ነበረበት። አልረዘመም። አሁንም አራት ላይ እንጨቷ ጋ ደረሰች። ቀጥሎም አራት።

ቀስ እያለች በእኩል ቆጠራ ከደረሰች፣ መንገዱ አጥሯል ማለት ነው።

ቀና ብዬ እንጨቶቹን አየሁ። ኩርባ ላይ የስልክ ሽቦ እንጨቱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ እንዳይወድቅ ተቀራርቦ ይተከላል። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ እነዚያን እንጨቶች እኛው ነን የተከልናቸው! እኔ ጉድጓዱን ስቆፍር ካቦው ፊት ፊት እየሄደ በእርምጃ ይለካ ነበር። በቀጥታው ሃምሳ እርምጃ፣ በኩርባው አርባ። ልምምዴ ሁሉ በቀጥታው ነበር። አራት ጊዜ ሃምሳ ሁለት መቶ፤ ትልቁ ዱላዬ የሚልከው ያ ነው። አምስት ጊዜ አርባ ሁለት መቶ፤ ቦዩ ያለው እዚያ ነው። ትልቁን ባነሳ ኳሷን ሰፍሬ ጭቃው ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ብረቱ ግን መቶ ሃምሳ፣ እንደገና መቶ ሃምሳ፤ ጉድጓዱ ሦስት መቶ ሃያ ላይ ነው። የቀረው ሃያ እርምጃ!

እንዲህ ያለ ስህተት ከእኛ ከመስመር ሠራተኞች ሌላ ማንም አይሳሳተውም። ተሳስቼ ነበር፤ አልደብቅም። ግን ሊቶሪናዋ ጭራዋን ሳታሳይ ስህተቴን ያገኘሁትም እኔው ነኝ።

ብረቱን አነሳሁ።

ከአጥሩ ጩኸት ተነሳ። "ኧረ ትልቁን! ትልቁን አንሳ!" አንዱ ደግሞ "ፈራ! በቃ እሁዳችንን በላት!" አለ። ካቦው አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣

"አብደሃል እንዴ? ትናንት ምን አልኩህ?" ብሎ አንባረቀ።

"ሰምቻለሁ ጋሼ።"

"ከሰማህ ጣላት እቺን! ለሁላችንም ነው የምትመታው፣ ለራስህ ብቻ እንዳይመስልህ!"

ሙሴም ጢሙን እያሻሸ "ይሄ ትንሽ ነው። አንቺ ትልቁን ፈራሽ?" አለኝ።

መመለስ እችል ነበር። ግን ስለ እርምጃና ስለ እንጨት ማስረዳት ብጀምር እጄ ይቀዘቅዛል። ሰው ሁሉ ሲጮህብህ ያሰላኸውን ይዘህ መቆም ከመምታቱ ይከብዳል፤ እኔ ቆምኩ። እግሬን ተከልኩ፣ ትከሻዬን አዞርኩ፣ መታሁ።

ቀጥ ብላ ሄደች። ካቦው ሳይወድ በግድ ይቆጥር ጀመር፤ "አንድ... ሁለት... ሦስት..." ኳሷ ሦስተኛውን እንጨት አልፋ ተንከባለለችና አራተኛው አጠገብ ቆመች። ካቦው "ይሄ ብረት ዛሬ ምን ነካው?" ሲል ሰማሁት።

ሁለተኛውንም በዚያው ብረት መታሁ። ከቦዩ በላይ አልፋ ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርታ አረፈች። ሦስተኛዋን ነካ አደረግኳት፤ የአካፋ እጀታ የምታህል ርቀት ቀረች። ሙሴ ራሱ መጥቶ ለማስገቢያ የሚሆን ትንሿን ዱላውን ሰጠኝ። አመስግኜ መለስኩለት። በወይራ የጀመርኩትን በወይራ ጨረስኩት። ስትገባ ኮቅ ያለችውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ሙሴ ኮፍያውን አነሳልኝ። "እሁድ" አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር። ከዚያ ግን አላስቻለውም፤ "ለምን ትልቁን አልያዝሽም?"

"ቦዩ ከሚመስለው ይቀርባል ሙሴ።"

ባልደረቦቼ አጥሩን ዘለው ገብተው ተሸከሙኝ። ካቦው ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ሲያወርዱኝ ቀረበና፣

"ዕድል ነው" አለኝ። "ብረቱ እንዴት እንደሆነ እንጃ አራት ላከልህ። የሠራኸው ግን ስህተት ነው። ትልቁን ነበር ማንሳት።"

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔም ተውኩት።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስድስታችን ሜዳው ላይ ተገኘን። ማን ይጀምር ሲባል ካቦው በዕድሜ ቀደመ። ጎረምሳ ሆኖ በገና ጨዋታ የሚስተካከለው እንዳልነበረ ሲነግረን ነበር፤ ጉልበቱንስ አልክድም። ትልቁን ዱላዬን አነሳ።

"ጋሼ፣ ብረቱ ይሻላል" አልኩት።

"አራት እንጨት ይልካል አላልክም? ቦዩ አምስተኛው ላይ ነው። ዳር ቁም!"

ቆምኩ። መታ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ምት ነበር፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ብዙ ጊዜ አልመታሁም። ኳሷ ነጥራ፣ ተንከባላ፣ አምስተኛው እንጨት ትይዩ ስትደርስ ከዓይናችን ጠፋች። ባልደረቦቼ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ካቦው ወደ ቦዩ ሄዶ ወደ ዋልካው ቁልቁል አየ። ከዚያ እንጨቶቹን አየ። ቀጥሎ ያደረገውን አልጠበቅኩም፤ አንዱ እንጨት ሥር ሄዶ ጀርባውን አስደገፈና ወደሚቀጥለው በእርምጃ መሄድ ጀመረ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ሲደርስ ቆመ። ጫማው በጭቃ ተሞልቷል።

"እዚህ ላይ እንዲህ አቀራርቦ የተከለው ማነው?" አለ በመጨረሻ።

"እርስዎ ነዎት ጋሼ። እኔ ቆፈርኩ፣ እርስዎ ለኩ።"

ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። እንደሚጮህብኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መንገዱን ሁሉ ተመልሶ መጥቶ ትልቁን ዱላ እጄ ላይ አስቀመጠና ሌላኛውን እጁን ዘረጋ።

"በል" አለኝ፣ "ብረቱን አቀብለኝ።"