ምንም ያልበቀለበት ሳህን

«ቅጠሉን ሳታጥበው ነው ያስገባኸው! ሻጋታው ከእጅህ ነው የመጣው።»

«አጥቤዋለሁ፣ ዶክተር። በአልኮል፣ በበረኪና፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ፈልቶ በበረደ ውሃ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ዶክተር ሽፈራው የመስታወት ሳህኑን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። «ጣለው! ነገ ወደ ችግኝ ጣቢያህ ትመለሳለህ።»

ጊዜው የደርግ ነው። ከችግኝ ጣቢያ መጥቼ ጅማ አጠገብ ባለው የቡና ላቦራቶሪ ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም። የመጀመሪያ ቀን ጀርም እንዲሞት ዕቃ የሚቀቅሉት አንጋፋዋ አዴ ዘሃራ፣ «እዚህ በር በቀስታ ነው የሚዘጋ፤ ንፋስ ሻጋታ ያመጣል» ብለው ነበር የተቀበሉኝ። በሩን የሚያላጉት የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሩ ብቻ ነበሩ።

የምናጠናው ቡና የሚያደርቅ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ሳህን ላይ እንቀባለን፤ መሐሉ ላይ የታጠበ ጤነኛ ቅጠል ቁራጭ እናኖራለን። ከሰርቦ ያመጣሁት ቅጠል ግን ከተቆረጠበት ጠርዝ ነጭ ሻጋታ አወጣ። ባክቴሪያው ሳህኑን ሞልቶ ሻጋታው አጠገብ ሲደርስ ቆሟል። ዙሪያው እንደ ታጠበ መስኮት ጠርቷል።

«ዙሪያውን ይመልከቱልኝ» አልኩ።

«አየሁት። ከቅጠሉ ውስጥ መውጣቱን በምን ታሳየኛለህ?»

አዴ ዘሃራ ከምድጃው ሳይዞሩ፣ «ያንን ባዶውን ሳህን አሳያቸው እንጂ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ! ወላሂ፣ አፍ የለህም?» አሉ።

ቅጠሉን መጨረሻ ያጠብኩበትን ውሃ ሌላ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ እጥበቴን ስለማላምነው ነው። ያንን ሳህን አቀበልኳቸው። ዶክተሩ የለጠፍኩበትን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ሰርቦ፣ አባ መጫ ጓሮ፣ ከወንዙ በኩል ሦስተኛው ዛፍ፣ ዝናቡ እንዳባራ የተቀጠፈ፤ የመጨረሻ እጥበት ውሃ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምልክት ጻፍ ብልህ ግጥም ጻፍክ?»

ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላበጡት። አንዲት ነጥብ እንኳ የለችበትም።

ተቀመጡ። «ውሃው ንጹሕ ከሆነ ሻጋታው ቅጠሉ ላይ አልነበረም» አሉ፣ ለራሳቸው። «ውስጡ ነው የኖረው። ቅጠሉንም አልጎዳውም።»

«መድኃኒት ይሆናል?»

«እሱን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ነገ ሰርቦ ሂድ፤ ከዚያው ከሦስተኛው ዛፍ ቅጠል አምጣ።»

«ችግኝ ጣቢያውስ?»

«ሰርቦ ነው ያልኩህ!»

ለአዲስ ሠራተኛ ዛሬም የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ምንም ያልበቀለበት ሳህን ላይም ጻፍበት፣ አስቀምጠው። ዶክተሩ ግን ያን ዕለት ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሁለቱን ሳህኖች በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ፤ በሩንም በቀስታ ዘጉት።